የዚያ ሴሚስተር ባለቤት

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብትፈልጉትም አታገኙትም። እኔ አበሩ እባላለሁ፤ እዚያ የሬጅስትራር ጸሐፊ ነበርኩ። ይህን ታሪክ ያወራሁለት ሰው ሁሉ ተከራክሮ፣ ተኳርፎ ነው የተለያየው። እናንተም ከመኳረፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ። መሃል ላይ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያለ የሚያቋርጠኝ ሰው እንዳይኖር። ብትሆን ኖሮ አንተም እንደነሱ ነበር የምትሆነው።

በኮሌጁ ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ ሦስት የትርፍ ጊዜ መምህራን ነበሩ። የትርፍ ጊዜ ስላችሁ፣ ቋሚ ሠራተኛ አይደሉም ማለቴ ነው። የቅዳሜና የእሁድ ተማሪዎችን ያስተምራሉ፤ ኮንትራታቸው የአንድ ሴሚስተር ነው፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኮንትራቱም ያልቃል። ለሚቀጥለው ከተጠሩ «ሎድ አገኙ» ይባላል፤ የሚያስተምሩት ክፍል ተሰጣቸው ማለት ነው። ካልተጠሩ ግን ማንም «አሰናብተናችኋል» አይላቸውም። ስልኩ ዝም ይላል፣ በቃ። ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው በየሴሚስተሩ መስኮቴ ላይ መጥቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «አበሩዬ፣ ስሜ አለ?» ሲለኝ ምን እንደሚሰማኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመጀመሪያው ጋሽ ይርዳው ነው። እኩያዬ ስለሆነ አንቱ አልለውም፤ ሌሎቹ ግን ይሉታል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ጠመኔውን እንኳ በመሀረብ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ ወዲህ ከዚህ ክፍል በቀር ሌላ መዋያ የለውም። ሲያስተምር ድምፁ እኔ ቢሮ ድረስ ይሰማል፤ ተማሪዎቹ ግን ትንፍሽ አይሉም።

ሁለተኛው ታረቀኝ ነው። በሥራ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። የሠራተኛ አዋጁን በቦርሳው ይዞ ይዞራል፤ የሰው ኮንትራት ካየ አንብቦ ሳይጨርስ አይመልስም። ቀልድ አያውቅም። ሰላም ስትሉት እንኳ «በምን አንቀጽ?» የሚል ነው የሚመስለው።

ሦስተኛዋ ዘሃራ ናት። በሥራ ቀን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኛ ጋ። ከክፍሏ ሳቅ ይሰማል። ስታቲስቲክስ ላይ ሳቅ! እኔ ራሴ አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ አዳምጬ፣ ስለ አማካይ ስታስረዳ ገብቶኝ ተመልሻለሁ።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሦስቱም ቀናተኞች ነበሩ። ጋሽ ይርዳው በዘሃራ ይቀናል። ያ ሳቅ ሲሰማው ፊቱ ይጠቁራል፤ «ታስተምራለች ወይስ ታጫውታለች?» ይለኛል። ታረቀኝ በጋሽ ይርዳው ይቀናል፤ «አቤት ከማለት ሌላ ምን ያውቃሉ? ግን ማንም አይነካቸውም» ይላል። ዘሃራ ደግሞ በታረቀኝ ትቀናለች፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ። ከእነሱ እሻላለሁ አልልም። እኔ ቋሚ ነበርኩ፣ ጡረታ የሚያዝልኝ፣ ማንም በየሴሚስተሩ የማይፈትሸኝ። ሦስቱም በዚህ ይቀኑብኛል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ «መምህርት» ብሎ የጠራኝ ሰው ስለሌለ በእነሱ እቀና ነበር።

አንድ ዓመት ታረቀኝ ተነሣ። «እንደ ቀን ሠራተኛ እየተለቀምን እስከ መቼ?» ብሎ ማመልከቻ ረቂቅ አመጣልኝና ታይፕ አደረግሁለት። የሚለው እንዲህ ነው፦ ተማሪ ሲያንስና ክፍል ሲቀንስ፣ ሳይቋረጥ ብዙ ሴሚስተር ያስተማረ መምህር ቀድሞ ይጠራ፤ አንድ ሴሚስተር ያላስተማረ ግን ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምር።

«ታረቀኝ፣ ይቺን ‹ሳይቋረጥ›ን ምን ልታደርግባት ነው? ሰው ይታመማል፣ ይወልዳል» አልኩት።

«ተያት» አለኝ። «አንዱ አልነበር፣ ድርጅት ተቀጥሬያለሁ ብሎ ሁለት ዓመት በላንድክሩዘር ሲዞር ከርሞ፣ ሲባረር ‹ነባር ነኝ› ብሎ የመጣው? እኛ እዚህ ጠመኔ ስንቅም የከረምነው ከእሱ እኩል ልንሰለፍ ነው? አይሆንም!»

ቃሏ እንዲህ በቅናት ገባች፤ በቅናትም ታተመች።

ማመልከቻውን የጻፈው ታረቀኝ ይሁን እንጂ ፊርማ ያሰባሰበችው ዘሃራ ናት። ረመዳን ነበር። ጾማ፣ በዚያ ሐሩር፣ ከቤት ቤት ዞራ አሥራ አራት መምህራን አስፈረመች። ግማሾቹ ፈርተው አንፈርምም ብለው ነበር፤ በር ላይ ቁጭ ብላ፣ ለምና፣ ተቆጥታ ነው ያስፈረመቻቸው። የኮሌጁ ባለቤቶች ማመልከቻውን ሕግ አድርገው አጽድቀውት መምህራኑ የተሰበሰቡ ዕለት ግን ጭብጨባው ሁሉ ለታረቀኝ ሆነ። «ታረቀኝ ይናገርልን!» ተባለ። ጭብጨባው ጋብ ሲል አንዱ ወደ ዘሃራ ዞሮ «ዘሃራ፣ አንቺ ደግሞ እስቲ ሻይ እዘዢልን» አላት። ፊቷን አየሁት። ሻዩን አዘዘች። ታረቀኝ «ፊርማውን ያመጣችው እሷ ናት» ለማለት አፉን ቢከፍት ምን ነበረበት? አልከፈተም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሲነሳ ከንፈሯን ትነክሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ልብ ብላችሁ ተከታተሉኝ።

ሕጉ በጸደቀ በቀጣዩ ሴሚስተር ተማሪ አነሰና ስታቲስቲክስ አንድ ክፍል ብቻ ሆነ። በጊዜው ታረቀኝ ሳይቋረጥ አሥር ሴሚስተር አስተምሮ ነበር፤ ጋሽ ይርዳው ስምንት፤ ዘሃራ ስድስት። በሕጉ መሠረት ክፍሉ የታረቀኝ ነው፤ ይህ ምንም ክርክር የለውም። የዚያን ጊዜው ዲን ግን ያቺ ማመልከቻ ጉሮሮው ላይ ተሰክታ ቀርታ ስለነበር ጋሽ ይርዳውን ጠርቶ ሰጠው። ታረቀኝ ሲጠይቀው «ተማሪዎች በአንተ ላይ ቅሬታ አቅርበዋል» አለው። የምን ቅሬታ! ቅሬታ ቢኖር በእኔ እጅ አይደል እንዴ የሚያልፈው? ታረቀኝ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፣ እኔም ማኅተም መትቼ ተቀበልኩት፣ ቅጂውን ይዞ ሄደ። መልስ የሰጠው ግን የለም። አሥር ሴሚስተሩ ራሱ ባረቀቀው ሕግ ዜሮ ገባ።

ጋሽ ይርዳው ክፍሉን ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ ታመመች፣ ያውም ክፉኛ። አዲስ አበባ ይዟት መሄድ ነበረበት፤ ሕክምናው ደግሞ ወራት እንደሚፈጅ ተነግሮታል። ለዲኑ ቢናገር ክፍሉ ይወሰድበታል፣ ስምንቱም ዜሮ ይገባሉ። ቢናገር ኖሮ ታረቀኝ በዲኑ ዘንድ የተጠላ ስለሆነ ክፍሉ ለዘሃራ፣ በገዛ ስሟ፣ ይደርሳት ነበር። ይህንንም ያዙልኝ። ጋሽ ይርዳው ግን አልተናገረም። ዘሃራ ጋ ሄደ።

«ዘሃራ፣ በእኔ ስም ግቢልኝ።»

«ለምን ለዲኑ አይነግሩትም?»

«ዜሮ ልግባ? በዚህ ዕድሜዬ?»

ዘሃራ እሺ አለች። በኋላ ስጠይቃት «ሚስታቸውን ደግፈው ይዘው መናኸሪያ የቆሙ ሰውዬ ፊት እንዴት ብዬ ነው ‹በስሜ ካልሆነ› የምለው?» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ ወላሂ ብላ ነው የነገረችኝ፣ «እሱ ብቻም አይደለም፤ ቅዳሜ መጥቶ ክፍል ሳልገባ ስቀር እንደምታመም አውቀው ነበር» አለች።

ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እሁድ እሁድ፣ ሙሉ ሴሚስተር አስተማረች። መምህራን ሲገቡና ሲወጡ የሚፈርሙበት መዝገብ አለ፤ እዚያ ላይ በጋሽ ይርዳው ስም፣ የጋሽ ይርዳውን ፊርማ አስመስላ ፈረመች። ዲኑ ቅዳሜና እሁድ ግቢውን ረግጦ አያውቅም። ታረቀኝም በንዴት ግቢውን ከረገጠ ቆይቷል። ተማሪዎቹ ደግሞ እሷን አግኝተው ምን ብለው ይናገራሉ? እኔ አይቻለሁ። አይቼም ፊቴን አዞርኩ። በኋላ ትጠይቁኝ እንደሆነ፣ ደመወዙን ጋሽ ይርዳው አንድም ሳያጎድል ለእሷ አስረክቧል፤ በዚያ በኩል ነገር የለም።

በዝርዝሩ ላይ ግን ምን ሆነ? ጋሽ ይርዳው ዘጠኝ ሞላው። ዘሃራ በስሟ ያስተማረችው ስለሌለ ስድስቱ ዜሮ ገቡ። ከክፍሉ ውጭ ስትውል የነበረች ተደርጋ ተጻፈች፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ስለዚህ ያ ሴሚስተር በሕግ የታረቀኝ፣ በመዝገብ የጋሽ ይርዳው፣ በድካም የዘሃራ ነበረ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን ለሦስት ዓመት ያህል ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ተማሪ ተመልሶ በዝቶ ሦስቱም እንደገና ክፍል አገኙ። ሦስት ሴሚስተር እንዲሁ አለፈ፤ በየመካከሉም ኮሌጁ ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ ነበር፣ እሱ ለማንም አይቆጠርም። የጋሽ ይርዳው ሚስት ዳነች፣ ዲኑ ለቆ ሄደ፣ በቦታው ወይዘሮ ስንዱ የምትባል ሴት መጣች። ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ከማንም ጋር ነገር የሌላት፣ ሰው ሳትሰማ የማትፈርድ ሴት ናት።

እሷ በመጣች በመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪ እንደገና አነሰ። ስታቲስቲክስ እንደገና አንድ ክፍል ሆነ። በዚህ ላይ የኮሌጁ ባለቤቶች ተሰብስበው «ከእንግዲህ ሁለተኛ ክፍል አይከፈትም» ብለው ወሰኑ። ነገሩ ሦስቱም ገብቷቸዋል። አሁን ክፍሉን ያገኘ ሰው ቁጥሩ እየጨመረ ሁልጊዜም ይጠራል፤ ያጣው ዜሮ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የቀረው አንድ ወንበር ነው፣ ሦስት ሰዎች ቆመዋል።

ጋሽ ይርዳው ቢያጣው ቤት ሊውል ነው። ታረቀኝ ቢያጣው ለሁሉም ያስገኘው መብት ለሁሉም ደርሶ ለእሱ ብቻ ሳይደርሰው ሊቀር ነው። ዘሃራ ብታጣው፣ የባሏ እናት «ቅዳሜ ሥራ ከሌለሽማ እኛን ነይ አግዢን» ብላ ገና ወሬውን ስትሰማ ደውላላታለች። ሦስቱም ያን ሰሞን መስኮቴ ላይ አይጠፉም ነበር፤ እርስ በርስ ግን ሰላምታ እንኳ አቋርጠዋል።

ወይዘሮ ስንዱ ረቡዕ ጠዋት ሦስቱንም ቢሮዋ ጠራች። እኔንም ዝርዝሩን ይዘሽ ነይ አለችኝ።

ጋሽ ይርዳው የፊርማ መዝገቡን ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «አሥራ ሁለት ሴሚስተር፣ ሳይቋረጥ» አለ። «እነሱ ሦስት ሦስት ናቸው። ሕጉ ግልጽ ነው።»

ታረቀኝ ማኅተም ያረፈበትን የድሮ ደብዳቤውን አወጣ። «ያንን ሴሚስተር በቂም ነው የተነጠቅሁት» አለ። «ባልነጠቅ ኖሮ ዛሬ አሥራ አራት ነበርኩ፤ እሳቸው ናቸው ዜሮ ይገቡ የነበሩት።»

ዘሃራ ምንም አላወጣችም። ምን ታወጣለች? አፏን ብትከፍት በሰው ስም ፎርጅድ ፊርማ መፈረሟን ልታምን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ቅጣቱ መባረር ነው። «እኔም አመልካች ነኝ» ብላ ተቀመጠች። እኔ እዚያ ጥግ ላይ ወንበሬ እሾህ ሆነብኝ።

ወይዘሮ ስንዱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እኔ ለዚህ ቤት እንግዳ ነኝ» አለች። «መዝገቡ አንድ ነገር ይላል፣ ደብዳቤው ሌላ ይላል። እናንተ ግን ስንት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል፤ ትተዋወቃላችሁ። እያንዳንዳችሁ በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ጻፉልኝ። የራሳችሁን ስም መጻፍ አይፈቀድም። ከሌሎቹ ከሁለቱ ክፍሉ ይገባዋል የምትሉትን ጻፉ።»

ወረቀት በጥሼ ሰጠኋቸው። ሦስቱም እጃቸውን ከልለው ጻፉ፣ አጣጠፉ። ምን እያሰቡ እንደጻፉ በኋላ ለየብቻ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ከእኔ የጨመርኩት የለም።

ጋሽ ይርዳው የጻፈው ታረቀኝን ነው። ባለ ውለታው ዘሃራ ሆና ሳለ! «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ነው ያለኝ። «ከአዲስ አበባ ተመልሼ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ‹መምህርት ዘሃራ አትመጣም ወይ?› አሉኝ፤ ያን ቀን ያቃጠለኝ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። እኔ ወጥቼ እሷ እዚያ ስትስቅ ልሰማ? ታረቀኝ ይሻላል።»

ዘሃራ የጻፈችው ጋሽ ይርዳውን ነው። «ሰውየው ይገባቸዋል ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ታረቀኝ ገብቶ እንደገና ‹ጀግናው› ሲባል፣ እንደገና ሲጨበጨብለት ከማይ፣ እኔም አጥቼው እሱም ይጣ።»

ታረቀኝ የጻፈው ዘሃራን ነው። «እሷ ጎበዝ ናት፣ እሱን አልክድም፤ ግን ለእሱም ብዬ አይደለም» አለኝ። «ይርዳው በእኔ ቦታ ላይ ተንደላቀው ተቀምጠው ‹ሕጉ ግልጽ ነው› ሲሉኝ፣ እኔ የጻፍኩትን ሕግ ለእኔ ሲያነቡልኝ፣ ማንም ይሁን ብቻ እሳቸው አይሁኑ አልኩ።»

ወይዘሮ ስንዱ ወረቀቶቹን እየፈታች አነበበች። «ይርዳው፣ አንድ። ዘሃራ፣ አንድ። ታረቀኝ፣ አንድ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። «ያው በጀመርንበት ነን» አለች።

የስታቲስቲክስ መምህራን መሆናቸውን ግን ረስታዋለች። ማን ማንን እንደጻፈ ለማስላት ከሦስቱ አንዳቸውም እስክሪብቶ አላስፈለጋቸውም። ጋሽ ይርዳው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ በሆዱ እያሰላ ነው፦ «ታረቀኝን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘሃራ ራሷን መጻፍ አትችልም፣ እኔም አልጻፍኳትም፣ ስለዚህ እሷን የጻፋት ታረቀኝ ነው፤ እንግዲያው የእኔን ስም የጻፈችው ዘሃራ ናት።» እዚህ ሲደርስ ፊቱ ዐመድ ሆነ። ዘሃራም በዚያው ቅጽበት ጨርሳ ቀና ብላ አየችው። እሷን እንዳልጻፋት አወቀች።

«ዘሃራ…» አለ ጋሽ ይርዳው። ቀጠለና ወደ ወይዘሮ ስንዱ ዞሮ «ይህ መዝገብ ይዋሻል» አለ። «ያንን ሴሚስተር እኔ አላስተማርኩም። ሚስቴን ይዤ አዲስ አበባ ነበርኩ። ያስተማረችው እሷ ናት። ፊርማዬን የፈረመችውም እኔው ለምኛት ነው። ስሜን ጻፈችልኝ እኮ! ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ስሜን ጻፈችልኝ!» እንባው መጣ፤ ያንን ጠመኔ የሚጠቀልልበትን መሀረብ አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገው።

ዘሃራ ዝም ብትል ቅድስት ትባል ነበር። አላለችም፤ ለዚህ አከብራታለሁ።

«አይሳሳቱ፣ ጋሽ ይርዳው» አለች። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ታረቀኝ እንዳያገኝ ብዬ ነው።»

ታረቀኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። የመጨረሻውን የሰማም አይመስለኝም፤ ገና ያ መዝገብ ላይ ነው። «የእኔን ሴሚስተር!» አለ። «እኔ ቤቴ ተቀምጬ ስቃጠል፣ የእኔን ክፍል እናንተ ተቀባበላችሁት? አንተ ሽማግሌ፣ መሄድህ ካልቀረ ‹የታረቀኝ ነው፣ ለእሱ ስጡት› ብትል ምን ነበረበት?» አንቱታው እዚያ ላይ ጠፋ። ከዚያ ወደ ዘሃራ ዞረ። «አንቺስ? ለዚህ ሕግ ፊርማ ስትለቅሚ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ስለቅም ማን አየኝ?» አለች ዘሃራ። «አንድ ቀን በአፍህ ተናግረህ ታውቃለህ?»

ታረቀኝ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ መዝገቡን ዘግቼ ያዝኩት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ወይዘሮ ስንዱ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችምም። አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

«አቶ ይርዳው፣ እውነቱን ተናግረዋል። እንግዲህ ይተዉታል?»

«እውነቱን ተናገርኩ እንጂ ለቀቅሁ አላልኩም» አለ ጋሽ ይርዳው። «ክፍሉ ተሰጥቶኝ ነው የጀመርኩት። ሚስቴ ልትሞትብኝ ነበር። ቋሚ መምህር ብሆን ፈቃድ ይሰጠኝ ነበር፤ አበሩ እንኳ ብትሆን ይሰጣት ነበር። የትርፍ ጊዜ ስለሆንኩ ሚስቴን አሳክሜ ሥራዬን ላጣ? ዋሽቻለሁ። ሕጉ ግን ከመዋሸት ሌላ መንገድ ትቶልኝ ነበር?»

«መምህርት ዘሃራ፣ እርስዎስ? በሰው ስም ፈርመዋል።»

«ፈርሜያለሁ» አለች ዘሃራ። «ወረቀቱ ላይ በፊርማ ዋሽቻለሁ፤ ተማሪዎቹን አልዋሸኋቸውም። ይጠሯቸውና ይጠይቋቸው፣ ማን እንዳስተማራቸው ይንገሩዎት። ሳይቋረጥ ማስተማር ነው ካላችሁ ሳይቋረጥ ያስተማርኩት ከሦስታችን እኔ ብቻ ነኝ። አሥር ሴሚስተር። አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም።»

«አቶ ታረቀኝ፣ ‹ሳይቋረጥ› የሚለውን ቃል የጻፉት እርስዎ ነዎት። አሁን ለእርስዎ ሲሆን ይሰረዝልኝ ሊሉ ነው?»

«እኔ አላቋረጥኩም፣ አቋረጡኝ» አለ ታረቀኝ። «ያን ጊዜ ክፍሉ ለባለመብቱ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ባልዋሹ፣ እሷም ባልፈረመች። ደግሞስ ያ ማመልከቻ ባይኖር ዛሬ ሦስታችን እዚህ ቁጭ ብለን ‹ይገባኛል› የምንልበት ነገር ይኖር ነበር? እንደ ድሮው መስኮት ላይ ቆመን ነበር የምንለምነው።»

ሦስቱም ተናገሩ፤ ሦስቱም እውነት አላቸው። ወይዘሮ ስንዱ ለብዙ ጊዜ ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አበሩ፣ ዝርዝሩን አዘጋጂው። የመምህሩን ስም ክፍት ተዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ይላሉ። ሦስቱም መምህራን በዚያው ጠዋት ይመጣሉ፣ አንደኛው ይገባል፣ ሁለቱ ከዚያ ግቢ ላይመለሱ ይወጣሉ። ማን እንደገባ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እኔም እሱን ነበር የምለው» ትላላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

እኔ ይህንን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቄያለሁ። ታሞ ሥራ ያጣ ሰው ካለ ለጋሽ ይርዳው ይፈርዳል። ለሌላው ታግሎ ራሱ የተመታ ካለ ለታረቀኝ። ሠርቶ በሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ካለ ለዘሃራ፣ ያውም እየጮኸ። አንዳንዱ ግን ገና ስጀምርለት «ያ ሰውዬ ብቻ እንዳያገኝ!» ይለኛል፤ እሱን አልቀበልም። ማን እንዳያገኝ አልጠየቅኋችሁም፤ የእነሱም ወረቀት በዚህ ነው የተበላሸው።

እስቲ እናንተ ሦስቱንም ዓይን ዓይናቸውን እያያችሁ፣ በማንም ሳትቀኑ ፍረዱ፦ ክፍሉ የሚገባው ለማን ነው?